በቃል የቀጠርነው ሠራተኛ

እኛ ሞያሌ ላይ ዕቃ የምናሻግር ነጋዴዎች ሠራተኛ የምንቀጥረው በቃል ነው። «ነገ ና» ብለን እናመጣለን፣ «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ብለን እንሸኛለን። ወረቀት ከሌለ ሕግም የለም ብለን እናስባለን።

ሕጉ ግን ቆይቷል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደንግጎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 210/1956 ደግሞ ሠራተኛው በማኅበር እንዲደራጅ በር ከፈተ። ከዚያ መንግሥት ሲለወጥ ሕጉም ተለወጠ፦ ደርግ በ1968 ቁጥር 64ን፣ የሽግግር መንግሥቱ በ1985 ቁጥር 42ን አወጡ። አዋጅ 377/1996 ለ15 ዓመት ሠርቶ ቦታውን ለ1156/2011 ለቀቀ።

የመጨረሻው ለውጥ መጋዘናችን ድረስ መጥቷል። ከመካከላችን የአንዱ ስቶር ኪፐር ወልዳ ሳለ «60 ቀንሽ ሞልቷል፣ ነይ» ብሎ ደወለላት። ክፋት አልነበረውም፤ በእጁ የያዘው የድሮው አዋጅ ነበር። አዲሱ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ለአባትም 3 ቀን አለው። የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድም ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ ብሏል።

ሁሉም ግን ለሠራተኛው አላደላም። የሙከራ ጊዜ ከ45 ተከታታይ ቀን ወደ 60 የሥራ ቀን ረዝሟል። በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር 8 ጊዜ ያረፈደም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

በብዛት የምንሳሳተው በወረቀቱ ነገር ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎና ፈርሞ መስጠት አለበት። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። «ምን ማስረጃ አለህ?» ብለን የምንመካበት ነገር ዳኛ ፊት ብዙ አያስኬድም።

መንገዱን ተሻግሮ ኬንያ በኩል የቀጠረ ደግሞ በሌላ ሕግ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ሕጋቸው የሦስት ወርና ከዚያ በላይ ቅጥር በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፣ በዓመት 21 የሥራ ቀን ዕረፍት፣ ለአባት ሁለት ሳምንት ይሰጣል። እዚህና እዚያ መጋዘን ያለን ሰዎች ሁለት ደብተር ሳንይዝ አንዘልቅም።

ስቶር ኪፐሯ 90 ቀኗን ጨርሳ ተመልሳለች። አሁን የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት አላት። ረዳቶቹና ጥበቃው ገና ናቸው።