የጋዙ ጣሪያ፦ ከወይን ጠጅ ተረፈ ምርት ስለሚገኝ ባዮጋዝ የሚጠቀሱ ቁጥሮችን በተመለከተ የቀረበ ሙግት

ከወይን ጠጅ ፋብሪካ የሚወጣ ፍሳሽና አተላ ምን ያህል ባዮጋዝ ይሰጣል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ሰው፣ ሬኔ ሞሌታ በ2005 «ዋተር ሳይንስ ኤንድ ቴክኖሎጂ» በተሰኘው መጽሔት ላይ ያወጡትን ዳሰሳ ሳያገኝ አይቀርም (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ባዮጋዙ ስለሚመረትበት ማብላያ ዓይነቶች፣ ስለ ፖሊፌኖል ጎጂነት፣ በመከር ወቅት ፍሳሹ ስለ መብዛቱና ስለ መኮምጠጡ ብዙ ተጽፏል፤ በዚያ ላይ የምጨምረው የለኝም። ሙግቴ ከሁለት ቁጥሮች ጋር ነው።

ሞሌታ እንዳሰፈሩት፣ ከፍሳሹ ከተወገደ ከእያንዳንዱ ኪሎግራም ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት ከ400 እስከ 600 ሊትር ባዮጋዝ ይገኛል፤ ከዚህ ጋዝ ውስጥ ከ60 እስከ 70 በመቶው ሚቴን ነው። ኬሚካላዊ የኦክስጅን ፍላጎት ማለት በፍሳሹ ውስጥ ያለውን ብክለት አቃጥሎ ለመጨረስ የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ነው። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲሁ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንባቢ ከማባዛት ወደኋላ አይልም። ታችኛውን በታችኛው ሲያባዛ 240 ሊትር ሚቴን ያገኛል፤ ላይኛውን በላይኛው ሲያባዛ 420።

ይሁንና 420 ሊትር የሚደረስበት ቁጥር አይደለም። አንድ ሞል ሚቴን ለመቃጠል ሁለት ሞል ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ኪሎግራም የኦክስጅን ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ወደ ሚቴን ቢለወጥ፣ በዜሮ ዲግሪና በአንድ አትሞስፌር ግፊት የሚገኘው 350 ሊትር ብቻ ነው። ጣሪያው ይህ ነው፤ ብክለቱን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ረቂቅ ተሕዋስያንም ሆኑ የማብላያው ዓይነት አይለውጡትም።

ጋዙ የተለካው ማብላያው በሚሠራበት በ35 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚል ይኖራል። ቢሆንም ጣሪያው ከፍ የሚለው እስከ 395 ሊትር ነው። ጋዙ በውሃ እንፋሎት እንደ ጠገበ ተለክቶ የሚቴኑ ድርሻ ግን በደረቅ ጋዝ ተሰልቶ ከሆነ፣ 600 ሊትሩና 70 በመቶው ጣሪያውን ሊነኩ ይችላሉ። ያኔም ቢሆን ከተወገደው ብክለት አንዲት ግራም እንኳ ለተሕዋስያኑ መራቢያ አልዋለችም ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ ማብላያ የለም። ዳሰሳው ደግሞ የሙቀቱንም የእርጥበቱንም ነገር ከቁጥሮቹ ጋር አላስቀመጠም።

ዋናው ነገር ግን ሁለቱ ቁጥሮች አብረው የሚወጡና አብረው የሚወርዱ አለመሆናቸው ነው። ይህን ለማየት አዲስ ምርምር አያስፈልግም። በኢሊኖይ የውሃ ጥናት ተቋም የሠሩት አርተር በስዌል ከሲሞንስ ጋር በ1933፣ ከሙለር ጋር ደግሞ በ1952 ባወጧቸው ጽሑፎች መንገዱን አሳይተዋል፤ የአንድን ንጥረ ነገር የካርቦን፣ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ብዛት የሚያውቅ ሰው የሚወጣውን ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማስላት ይችላል። የበስዌል ቀመር በባዮጋዝ ትምህርት ሁሉ ይጠቀሳል፤ የወይን ጠጅ ፍሳሽ ቁጥሮች ግን በእሱ ሲፈተኑ ብዙም አይታይም።

እስቲ እንፈትናቸው። አንድ ኪሎግራም የኦክስጅን ፍላጎት ያለው ግሉኮስ 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል፤ ግማሹ ሚቴን ነው። በዚያው ልክ የተወሰደ ኢታኖል 467 ሊትር ብቻ ይሰጣል፤ ሦስት አራተኛው ግን ሚቴን ነው። ግሊሰሮል 600 ሊትር ሰጥቶ የሚቴን ድርሻው 58 በመቶ ይሆናል። የወይን መለያ የሆነው ታርታሪክ አሲድ ደግሞ 1120 ሊትር ይሰጥና ሚቴኑ 31 በመቶ ላይ ይቀራል። በአራቱም የሚቴኑ መጠን ያው 350 ሊትር ነው። ጋዙ ሲበዛ ሚቴኑ ይሳሳል፤ ሚቴኑ ሲደልብ ጋዙ ያንሳል። ስለዚህ 60 በመቶ ሚቴን ያለው ጋዝ ከ583 ሊትር ሊበልጥ አይችልም፤ 70 በመቶ ያለው ደግሞ ከ500። የሞሌታ ሁለት ረድፎች መነበብ ያለባቸው ተገልብጠው ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በከፊል በፍሳሹ ውስጥ ይሟሟልና የሚቴኑ ድርሻ ከስሌቱ ከፍ ብሎ ይታያል የሚለው መቃወሚያ እውነት ነው፤ ወይን ፖታሲየም ስለሚበዛበት በተለይ እውነት ነው። ነገር ግን መሟሟቱ የሚለውጠው የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ድርሻ እንጂ የሚቴኑን መጠን አይደለም። ሙግቱ የቆመው በሚቴኑ መጠን ላይ ነው።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታዬ ልለፍ። ዳሰሳው የወይን ጠጅ ፋብሪካን ፍሳሽና ከአረቄ ማውጫ የሚወጣውን ቪናስ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስሮ ያልፋል፤ ምሳሌውም በፈረንሳይ የሚገኘው የኮኛክ አውራጃ ነው። በዚያ አገር የሚሠራው ሬቪኮ የተባለ ድርጅት 99.7 በመቶውን የኦክስጅን ፍላጎት እንዳስወገደ ተጠቅሷል። ይህ የሚደነቅ ውጤት ነው፤ በማጣራት ረገድ የምከራከርበት የለኝም። የጋዙ ነገር ግን ሌላ ነው። በኮኛክ ቀለል ያለና አሲድ የበዛበት ነጭ ወይን ጠጅ በመዳብ ድስት ሁለት ጊዜ ተፈልቶ አልኮሉ ይወሰድለታል፤ ሥራውም እስከ መጋቢት 31 ማለቅ አለበት። በድስቱ የሚቀረው ቪናስ አሲድ፣ ግሊሰሮልና የሞተ እርሾ ነው። የወይን ጠጅ ፋብሪካው ፍሳሽ ግን አልኮሉን እንደያዘ ይመጣል።

ያ አልኮል ትንሽ ነገር አይደለም። 12 በመቶ አልኮል ያለው አንድ ሊትር ወይን ጠጅ ከበርሜል ወደ በርሜል ሲዛወር ወለል ላይ ፈስሶ በውሃ ቢታጠብ፣ ወደ ቱቦው የሚገባው ኢታኖል 95 ግራም ገደማ ነው። የኦክስጅን ፍላጎቱ 200 ግራም ሊሞላ ይቃረባል፤ በውስጡ ያለው ሚቴን 70 ሊትር ይጠጋል። አንድ ሊትር ብቻ! አልኮሉ 8 በመቶ የሆነ አንድ ሜትር ኩብ አተላ ብንወስድ፣ ከኢታኖሉ ብቻ 46 ሜትር ኩብ ሚቴን ይወጣል። አተላው አስቀድሞ ወደ አረቄ ማውጫ ከሄደ ግን ይህ ሁሉ በጠርሙስ ሄዷል።

በፈረንሳይ ለረጅም ጊዜ የወይን አምራቾች ጭማቂው የወጣለትን ፍሬና አተላውን ለአረቄ ማውጫዎች የማስረከብ ግዴታ ነበረባቸው። በነሐሴ 2014 የወጣው ደንብ ባዮጋዝንና ኮምፖስትን አማራጭ አድርጎ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ አልኮሉ ያልወጣለት አተላ በቀጥታ ወደ ማብላያ ሊገባ ይችላል። በዘመነ ቪናስ የተሰበሰቡ ቁጥሮችን ለዚህ አተላ መጠቀም፣ ለጋዝ ማጠራቀሚያውም ለሞተሩም የተሳሳተ ልክ መስጠት ነው። እርግጥ እዚህ የቀረበው ስሌት የንድፈ ሐሳብ ጣሪያ ስለሆነ የመስክ ልኬትን አይተካም። የመስክ ልኬት ግን ጣሪያውን ሊያልፍ አይችልም፤ ካለፈ የሚጠረጠረው ልኬቱ ነው።

ጉዳዩ የፈረንሳይ ብቻ አይደለም። በዝዋይ የወይን ጠጅ ፋብሪካ አለን፤ በየቤቱም ጠላና አረቄ አለ። የጠላ አተላ አልኮሉ ሙሉ በሙሉ አልተለየውም፤ የአረቄ ድፍድፍ ግን ከድስቱ ሲገለበጥ አልኮሉ በአብዛኛው ሄዷል። ሁለቱም «አተላ» ተብለው በአንድ ረድፍ ቢመዘገቡ የኮኛኩ ስሕተት እዚህም ይደገማል። አተላ ለከብት መኖነት በሚፈለግበት ቦታ፣ ለምሳሌ በአርሲ ነገሌ በአረቄ አተላ ከብት በሚደለብበት፣ ማብላያ ከላም ጋር መሻማት የለበትም ብዬ አምናለሁ። የከብት አፍ ለማይደርስበት ለፋብሪካ ፍሳሽ ግን ስሌቱ በአግባቡ ይሠራ።

ለዚህም ከማንኛውም ልኬት በፊት የአልኮሉ መጠን ይለካ፤ የሚለካውም አተላው ከጋኑ እንደወጣ ነው። ክፍት ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቆየ ኢታኖሉ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። አንድ ሞል ኢታኖል ሦስት ሞል ኦክስጅን ይፈልጋል፤ ከእሱ የተገኘው አሴቲክ አሲድ ሁለት ብቻ። ስለዚህ ከኢታኖሉ ሊገኝ ከሚችለው ሚቴን ሲሶው ማብላያው ሳይደርስ ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል፤ ጉድጓዱን መክደን ከማብላያው ዓይነት ምርጫ መቅደም ያለበትም በዚህ ምክንያት ነው።