ሹፌርነትና የወንጀል ቅጣት፦ መንጃ ፈቃድ መቼ ይከለከላል?

ካርቱም አል-ሳሃፋ ከኖሩ ወገኖቻችን መካከል በራክሻ፣ በአምጃድና በጭነት መኪና እንጀራቸውን ያገኙ ጥቂት አይደሉም። አገር አቋራጭ አውቶቡሶች የሚነሱበት ሚና አል-በሪም እዚያው አጠገብ ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) የተነሳው ጦርነት ሰዉን ከበተነው ወዲህ አንዳንዱ ገዳሪፍ አካባቢ ካምፕ ገባ፣ አንዳንዱ በመተማ በኩል ወደ አገሩ ተመለሰ፣ ሌላው ሦስተኛ አገር የሚሄድበትን ቀን ይጠብቃል። ሙያው ግን ከሰውየው ጋር ነው። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ተፈርዶብኛል፤ ከእንግዲህ በሹፌርነት ሠርቼ መብላት እችላለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በብዙ ሰው አእምሮ አለ።

አጭሩ መልስ ይኸው፦ አብዛኛው ቅጣት ለዘላለም አይከለክልም። የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ጥፋቱ ምን ዓይነት ነው? በመኪና የተፈጸመ ነው ወይ? ከቅጣቱ በኋላ ስንት ጊዜ አልፏል? በየአገሩ ዋጋው በጣም ከባድ የሆነው ግን ሰውን ጭኖ በሕገ-ወጥ መንገድ ማጓጓዝና በሰው መነገድ ነው። ዛሬም ካምፕ ውስጥ ላለ ሹፌር ደላላ የሚያቀርብለት ሥራ ይኸው ስለሆነ ነገሩ የትናንት ብቻ አይደለም።

ፈቃዱ ሌላ፣ ሥራው ሌላ

ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃል። መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የመንግሥት አካል ነው፤ የሚከለክለውም ሕግ ወይም ፍርድ ቤት ነው። ሥራ የሚሰጠው ግን አሠሪው ነው። ፈቃድህ በእጅህ እያለ ድርጅቱ ከወንጀል ነፃ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቆ ላይቀጥርህ ይችላል። ስለዚህ «አይሆንም» ሲባል «ፈቃዱ ነው ወይስ ቅጥሩ?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ከሆነ የሚኬደው ወደ ሕግ ነው፤ ቅጥሩ ከሆነ ሌላ አሠሪ መፈለግ ይቻላል።

ወደ ኢትዮጵያ ለሚመለስ

የመንጃ ፈቃድን ጉዳይ የሚመራው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ነው። ፈቃዱ በመኪናው ዓይነት ይከፋፈላል፤ ባጃጅ፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነት እያለ ይሄዳል። ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር መስፈርቱም ይጠብቃል።

ከቅጣት ጋር የተያያዘው ዋናው ነገር ያለው በወንጀል ሕጉ ውስጥ ነው። አንቀጽ 123 ፍርድ ቤት ከእስራት ወይም ከመቀጮ በተጨማሪ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ሙያ የመሥራት መብት እንዲሽር ሥልጣን ይሰጠዋል። ይህ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ዳኛው በፍርዱ ላይ ማዘዝ አለበት። ስለዚህ የፍርዱን ግልባጭ ሙሉውን ማንበብ ነው። እስራቱን ጨርሶ የወጣ ሰው የመብት ሽረቱ መቼ እንደሚያበቃ ካላወቀ፣ ሳያስበው እንደገና ጥፋት ውስጥ ይገባል።

ሹፌርን በብዛት የሚነካው አንቀጽ 543 ነው፤ በቸልተኝነት ሰው መግደል። ቀላሉ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። ሟቹን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር ነው። ግልጽ ደንብ ተጥሶ ከሆነ፣ ለምሳሌ በስካር ተነድቶ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ይደርሳል።

ቅጣቱን የጨረሰ ሰው ደግሞ ብዙዎች የማያውቁት መብት አለው። ሕጉ «መሰየም» ይለዋል፤ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ተጽፏል። በጽኑ እስራት የተቀጣ ቢያንስ 5 ዓመት፣ በሌላ ቅጣት የተቀጣ ቢያንስ 2 ዓመት ካለፈው፣ ካሣና መቀጮውን በአቅሙ ከከፈለና በመልካም ጠባይ ከቆየ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ለወደፊቱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ ግን ጠይቀው የሚያገኙት እንጂ ጊዜው ሲደርስ በራሱ የሚመጣ አይደለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ በስደተኝነት ለተመዘገቡ አንባቢዎቻችንም አንድ ነገር እንበል፦ የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የታወቀ ስደተኛ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ ይፈቅዳል። ስደተኛ መሆን በራሱ ምክንያት ተደርጎ መከልከል የለበትም።

ሱዳን ውስጥ ለቀረ

ሩኽሳ የሚሰጠው የትራፊክ ፖሊስ ነው። የወንጀል መዝገብ ማስረጃውን ሰዉ «ፊሽ» ይለዋል። ከእኛ ሰው ላይ የተፈረደው አብዛኛው ያለ መኖሪያ ወረቀት ከመገኘት፣ ያለ ተስሪህ ከካምፕ ወጥቶ ከመንቀሳቀስ ወይም ዓረቂ ከመሸጥ ጋር የተያያዘ ነው። የ1991ዱ የሱዳን ወንጀል ሕግ አልኮል መሥራትና መሸጥን ይቀጣል። ሱዳን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ስትቀበል በነፃ መንቀሳቀስን በሚመለከተው አንቀጽ 26 ላይ ተጠባቂነት ስላስመዘገበች፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ ነገር ለስደተኛው ሁሌም ችግር ሆኖ ኖሯል።

እነዚህ ጥፋቶች በመኪና ሰው ከመጉዳት ወይም በሰው ከመነገድ ጋር አንድ አይደሉም። በሕገ-ወጥ መንገድ ገባህ ተብሎ ለተቀጣ ሰው ደግሞ የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 31 አለ፤ ከስደቱ ቦታ በቀጥታ መጥቶ ሳይዘገይ ራሱን ለባለሥልጣን ያሳወቀና በቂ ምክንያት ያቀረበ ስደተኛ በመግባቱ ብቻ መቀጣት የለበትም ይላል። እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት ሰው ለዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር. ወይም ለኮር የሕግ ሠራተኛ በግልጽ ይንገር።

አሜሪካ ለሚሄድ

አሜሪካ ትልቅ የጭነት መኪናና አውቶቡስ የሚነዳበት ፈቃድ ሲ.ዲ.ኤል. ይባላል። የሚያግደውን ጥፋት የፌዴራል ደንብ ዘርዝሮታል፤ ክልሎቹም ሊያላሉት አይችሉም።

ጠጥቶ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ መንዳት፣ አደጋ አድርሶ መሸሽ፣ በመኪና ከባድ ወንጀል መፈጸም፣ የንግድ መኪና በቸልተኝነት ነድቶ ሰው መግደል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ 1 ዓመት ያሳግዳል። መኪናው አደገኛ ጭነት ይዞ ከነበረ 3 ዓመት ነው። ለሁለተኛ ጊዜ ከተደገመ የዕድሜ ልክ እገዳ ይሆናል፤ ሆኖም ክልሉ ከፈቀደና ሰውየው የመታረሚያ ሥልጠና ከጨረሰ ከ10 ዓመት በኋላ ሊመለስለት ይችላል።

መመለሻ የሌላቸው ሁለት አሉ። አንደኛው መኪናን ለአደንዛዥ ዕፅ ማምረትና ማከፋፈል መጠቀም ነው። ሁለተኛው በንግድ መኪና ተጠቅሞ ከባድ የሰው ንግድ መፈጸም ነው፤ ይህ በ2018 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ሕግ የተጨመረ ነው። ሁለቱም ከመጀመሪያው ጥፋት ጀምሮ ለዕድሜ ልክ ያሳግዳሉ፤ የ10 ዓመቱ ዕድልም የለም።

የመጠጡም ልክ ይለያል። የንግድ መኪና ሲነዳ 0.04 በመቶ ነው፤ ይህ በአብዛኛው ክልል ለቤት መኪና ከተቀመጠው 0.08 ግማሹ ነው። ሲ.ዲ.ኤል. ያለው ሰው በእረፍት ቀኑ የቤት መኪናውን ጠጥቶ ቢነዳና ቢፈረድበትም የሥራ ፈቃዱ ይታገዳል።

ነዳጅና ኬሚካል ለመጫን ደግሞ ተጨማሪ የደኅንነት ማጣሪያ አለ። በአንዳንድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው ከፍርዱ 7 ዓመት፣ ከእስር ከወጣ 5 ዓመት እስኪሞላው አያልፍም። እንደ ነፍስ ግድያና ሽብር ያሉት ግን ጊዜ ቢያልፍም ያግዳሉ።

ደላላው የሚያቀርበው ሥራ

ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም ወይም ወደ ሊቢያ በር ሰው አድርስ፣ ጥሩ ይከፈልሃል የሚባል ነገር አለ። ሹፌሩ «እኔ የማውቀው መሪ መያዝ ብቻ ነው» ይላል፤ ሕጉ ግን እንዲህ አያየውም። ኢትዮጵያ ውስጥ አዋጅ ቁጥር 1178/2012፣ ሱዳን ውስጥ የ2014ቱ (እ.ኤ.አ.) ሕግ የሚቀጡት ደላላውን ብቻ ሳይሆን የሚያጓጉዘውንም ነው። የአንድ ሌሊት ጉዞ የሰፈራ ፋይልን፣ ፈቃድን፣ የወደፊት ቅጥርን አንድ ላይ ሊያበላሽ ይችላል።

አሁን ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ወረቀት። የፍርዱን ግልባጭ፣ መቀጮ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ከእስር የተለቀቁበትን ማስረጃ በስልክ ፎቶ አንስቶ ለሚያምኑት ሰውም መላክ ነው። በጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈዋል፣ ተቃጥለዋል፤ በእጅ ያለችው ቅጂ የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ አይደብቁ። በሰፈራ ቃለ መጠይቅም ሆነ በፈቃድ ማመልከቻ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» ሲባል እውነቱን መናገር ይሻላል። ትንሽ የነበረው ጥፋት ሲደበቅ ሐሰተኛ ቃል ይሆንና ከዋናው ይብሳል።

ሦስተኛ፣ ተከሶ ነፃ የወጣ ወይም ታስሮ ክስ ያልቀረበበት ሰው አልተፈረደበትም። «ታስሬ ነበር» እና «ተፈርዶብኛል» የተለያዩ ናቸው፤ ቅጹ የትኛውን እንደሚጠይቅ አስተርጓሚውን ደግመው ይጠይቁ።

አራተኛ፣ «ሩኽሳውን አስጨርስልሃለሁ፣ መዝገብህን አጠፋልሃለሁ» ለሚል ሰው ገንዘብ አይስጡ። ፍርድን ከመዝገብ የሚሰርዘው ፍርድ ቤት ነው፤ ሐሰተኛ መንጃ ፈቃድ መያዝ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ወንጀል ነው።