የቀለም አድማስ፦ ስክሪኑ የሻደይን አረንጓዴ እስከ የት ያያል?

ነሐሴ 16 ሲደርስ የዋግ ኽምራ ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ሣር ጎንጉነው ወገባቸው ላይ ያስራሉ፤ ከበሮ እየመቱም ይጫወታሉ። በዓሉ በላሊበላ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል ይባላል፤ በሰቆጣና በአበርገሌ ግን የበዓሉም የሣሩም ስም አንድ ነው። ስለዚህ የሻደይን ባነር፣ ፖስተር ወይም ቲሸርት የሚነድፍ ሰው ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው ለዚያ አረንጓዴ ነው።

የንድፍ ባለሙያው የበዓሉን ፎቶ በላፕቶፑ ሲከፍት ሣሩ ጠውልጎ ያገኘዋል። ድምቀቱን ይጨምርለታል፤ አሁንም ስላልረካ ደግሞ ይጨምራል። ሥራውን በቴሌግራም ሲልከው በደንበኛው ስልክ ላይ አረንጓዴው ዓይን ይወጋል። ታትሞ የመጣው ባነር ደግሞ ላፕቶፑንም ስልኩንም አይመስልም። ከሦስቱ አንዱም አልተበላሸም። ልዩነቱ የመጣው እያንዳንዱ ማሳየት የሚችለው የቀለም ስፋት ስለሚለያይ ነው፤ ይህን ስፋት በአማርኛ የሚጠራ የተለመደ ቃል ባለመኖሩም ገዥና ሻጭ ሱቅ ውስጥ ስለ ራምና ስለ ፕሮሰሰር ብቻ ተነጋግረው ይለያያሉ።

እንግሊዝኛው ቃል ጋመት ነው። ትውልዱ ከሙዚቃ ነው፤ በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ የዜማ ትምህርት ከሁሉ ዝቅ ያለው ድምፅ ጋማ ከተባለው ፊደልና ኡት ከተባለው የመጀመሪያ ድምፅ ተጣምሮ ተሰየመ፤ ስሙ ውሎ አድሮ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ያለውን ሁሉ ያዘ። የቀለም ሊቃውንት ከዚያ ወሰዱት። ለዚህ ቃል እዚህ የቀረበው የአማርኛ አቻ የቀለም አድማስ ነው። ክልል ቢባል ዛሬ አስተዳደርን ያስታውሳል፤ ወሰን ጠርዙን እንጂ በውስጡ ያለውን አይነግርም። አድማስ ግን ሁለቱንም ይይዛል፦ ዓይን የሚደርስበትን ሁሉ፣ ደግሞም ከዚያ ማዶ ሌላ አገር መኖሩን። ከደጋው ጫፍ ላይ የቆመ ሰው የተከዜን ቆላ አሻግሮ ያያል፤ ሸለቆ ውስጥ የቆመው አያየውም፤ አገሩ ግን ያው አለ። ከስክሪኑ አድማስ ውጭ የሆነ ቀለምም እንዲሁ ነው። በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ ይኖራል፤ ስክሪኑ ግን አይደርስበትም።

የስክሪን እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1931 በወጣው የዓለም አቀፍ የቀለም ካርታ ላይ እነዚህ ሦስቱ ሲቀመጡ ሦስት ማዕዘን ይፈጥራሉ፤ ስክሪኑ የሚያሳየው ቀለም ሁሉ ከዚያ ሦስት ማዕዘን አይወጣም። ሦስት ማዕዘኑ ከጠበበ ቀዩ ወደ ብርቱካን ያዘነብላል፤ አረንጓዴው ይገረጣል፤ ቀላ ያለው የአበርገሌ ፍየል አቧራ የለበሰ ይመስላል።

የስክሪን አድማስ የሚነጻጸርባቸው መለኪያዎችም በዚሁ ካርታ ላይ የተሰመሩ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ኤንቲኤስሲ እ.ኤ.አ. የ1953 የአሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን መለኪያ ነው፤ አርጅቶም ዛሬ የላፕቶፕ መግለጫ ላይ ይጻፋል። ኤችፒና ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት ኤስአርጂቢ የድረ ገጽና የተራ ፎቶ መለኪያ ሆነ። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ አዶቤ አርጂቢ ወደ አረንጓዴው በኩል ተለጥጧል፤ ማተሚያ ቤት የሚያወጣቸውን ቀለሞች አብዛኞቹን እንዲያቅፍ ታስቦ ነው።

ኪስን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። መግለጫው «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ካለ ስክሪኑ ከኤስአርጂቢ የሚሸፍነው 60 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ለጽሑፍና ለሒሳብ ይበቃል፣ ለሻደይ ባነር ግን አይበቃም። «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ወይም «100 በመቶ ኤስአርጂቢ» የሚለው ለንድፍ ሥራ መነሻ ይሆናል። የሞዴሉ ስም ብቻውን ዋስትና አይሰጥም፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ14 በአንድ ስም ጠባብ አድማስ ያለውም ሰፊ አድማስ ያለውም ስክሪን ተገጥሞለት ተሽጧል። ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው እንግዲህ የስክሪኑን የራሱን የፓነል ቁጥር አስወጥቶ በኢንተርኔት ቢፈልገው ይሻለዋል።

ስፋትና ሽፋንም አንድ አይደሉም። ሁለት ገበሬዎች እኩል ሁለት ጥማድ መሬት ቢኖራቸው መሬታቸው አንድ ቦታ ነው ማለት አይደለም። 72 በመቶ የሚለው ቁጥር የሦስት ማዕዘኑን ስፋት ይናገራል፤ ባለሙያው የሚፈልገው ግን ያ ስፋት ኤስአርጂቢን ምን ያህል እንደሸፈነ ነው። ሻጩ አንድ ቁጥር ብቻ ከጠራ «ስፋት ነው ወይስ ሽፋን?» ብሎ መጠየቅ መብት ነው።

ብዙ ሰው አድማስን ከካሊብሬሽን ጋር ያምታታል። ለካሊብሬሽን አማርኛ ከክራር የተዘጋጀ ቃል አለው፤ መቃኘት። ክራር ሲቃኝ እያንዳንዱ ክር ትክክለኛ ድምፁን ይይዛል፤ ያልተወጠረ ክር ግን በቅኝት አይገኝም። ስክሪንም ሲቃኝ ያሉትን ቀለሞች ወደ እውነታቸው ያቀርባል እንጂ አድማሱን አያሰፋም። የቅኝቱ ስህተት ዴልታ ኢ በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ከ2 በታች ከሆነ ስህተቱን ዓይን ለመለየት ይቸገራል። ቅደም ተከተሉም ከዚህ ይታወቃል፦ መጀመሪያ ሰፊ አድማስ ያለው ስክሪን ይገዛል፣ ከዚያ ይቃኛል። ጠባቡን ገዝቶ በቅኝት አስተካክለዋለሁ ማለት ገንዘብንም ድካምንም ያባክናል።

መቃኛ መሣሪያ በእጁ የሌለው የሰቆጣ ባለሙያም ብዙ ማድረግ ይችላል። ማታ ማታ ስክሪኑን የሚያቢጨውን ናይት ላይት ያጠፋል። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ሲሠራ ላፕቶፑ ኃይል ለመቆጠብ ብርሃኑን እንደሚቀንስ ያስታውሳል፤ የቀለም ውሳኔውንም ለሌላ ሰዓት ያቆየዋል። ስክሪኑን ወደ ላይና ወደ ታች አዘንብሎ ያያል፤ በዚህ ጊዜ ቀለሙ ከተገለበጠ ፓነሉ ከየአቅጣጫው ሲታይ ቀለሙን የሚጠብቀው አይፒኤስ የተባለው ዓይነት አይደለም።

የመጨረሻው መፈተኛ ማተሚያ ቤቱ ራሱ ነው። አማርኛ ለብርሃኑም ለማተሚያውም ቀለም የሚል አንድ ቃል ይጠቀማል፤ ስክሪኑ ግን የሚያበራው ብርሃን ነው፣ ማተሚያው የሚቀባው አራት ዓይነት ቀለም፤ አድማሳቸውም አይገጥምም። ሙሉው ባነር ከመታተሙ በፊት የእጅ መዳፍ የምታክል ቁራጭ በዚያው ማሽን፣ በዚያው ጨርቅ ላይ ይታተማል። ቁራጩ በቀን ብርሃን ደጅ ይወጣና ከእርጥቡ የሻደይ ሣር ጎን ይቀመጣል፤ ልዩነቱ ከታየም ፋይሉ ላይ አረንጓዴው እንደገና ይስተካከላል።