የ«አድራሻ አመልካች» እና የስሕተት መልእክት ስያሜ ታሪክ

በፋሺስት ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል የነበረው የአዲስ አበባ ታላቅ ገበያ ወደ ምዕራብ እንዲዛወር ተደረገ፤ አዲሱም ስፍራ በጣልያንኛ «ገበያ» ማለት በሆነው ቃል «መርካቶ» ተባለ። ዝውውሩን ሳይሰማ ከሩቅ አገር የመጣ ነጋዴ አራዳ ቢደርስ መንገዱን አልሳተም፤ ነገር ግን የያዘው አድራሻ እንጂ ገበያው በስፍራው የለም።

በኮምፒዩተርም እንዲሁ ነው። ፕሮግራም በማኅደረ ትውስታ የተቀመጠን ነገር የሚያገኘው አድራሻውን ይዞ ነው፤ አድራሻውን የሚይዘውን እንግሊዞች «ፖይንተር» ይሉታል። ምንም የማያመለክተውን ባዶ ፖይንተር እ.ኤ.አ. በ1965 በአልጎል ደብልዩ ቋንቋ ያስገባው ቶኒ ሆር፣ በ2009 ሥራውን ራሱ «የቢሊዮን ዶላር ስሕተት» ብሎታል። ከባዶው ይልቅ የሚያሳስተው ግን የተነሣን ነገር አድራሻ ይዞ የቀረው ነው፤ በስፍራው ሌላ ነገር ገብቶ ከሆነ ፕሮግራሙ ምንም ስሕተት ሳይነገረው የሌላውን ሊወስድ ይችላል።

ቃሉን በአማርኛ «ጠቋሚ» ብንለው ሰውን ለባለሥልጣን የሚጠቁመውን ያሳስባል፤ «አመልካች» ብንለው ደግሞ ማመልከቻ ያቀረበውን። ስለዚህ «አድራሻ አመልካች» ማለት ይሻላል።

ከስያሜው የሚከብደው የመልእክቱ ትርጉም ነው። በዩኒክስ ሥርዓተ ክወና አንድ ፕሮግራም ሊደርስበት የማይገባውን አድራሻ ለሥርዓቱ አስኳል ቢሰጥ፣ አስኳሉ አድራሻውን ሳያምን ጥያቄውን በስሕተት ቁጥር 14 ይመልሳል፤ የቁጥሩም መግለጫ «ባድ አድሬስ» ነው። ይህን «መጥፎ አድራሻ» ብሎ መተርጐም ጠባዩን መንቀፍ እንጂ ምክንያቱን መግለጽ አይደለም። «ፕሮግራሙ ሊደርስበት የማይችል አድራሻ ሰጥቷል» ቢባል ግን አንባቢው ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የፕሮግራሙ መሆኑን ይረዳል። «ሴግሜንቴሽን ፎልት» የሚለውንም «የክፍልፋይ ጉድለት» ከማለት «ያልተፈቀደ የማኅደረ ትውስታ ክፍል ተነክቷል» ማለት ይበጃል።

ይሁን እንጂ ተርጓሚው የተጻፈውን ሊያብራራ እንጂ ያልተጻፈውን ሊፈጥር አይችልም። ቁጥር 14 የትኛው አድራሻ እንደ ተጠየቀ አይናገርም፤ ይህን መጨመር የፕሮግራም ጸሓፊው ግዴታ ነው። አራዳ የደረሰውን ነጋዴ «ተሳስተሃል» ብቻ ብሎ መመለስ አይበቃም፤ የጠየቀው ስፍራ የትኛው እንደ ሆነና ገበያው ስለ ምን እንዳልተገኘ ሊነገረው ይገባል።