አቡነ አረጋዊና የደብረ ዳሞ መወጣጫ

ከአድዋ ወደ አዲግራት ከሚወስደው መንገድ በስተሰሜን፣ ዙሪያውን በገደል የተከበበው የደብረ ዳሞ አምባ ይገኛል። ሴቶች አይወጡበትም፤ ወንድ ጎብኚ ግን ወገቡን በጠፍር ታስሮ፣ 15 ሜትር ያህል ከፍታ ያለውን ቀጥ ያለ ዓለት እየተሳበ ይወጣል። ከላይ ሲደርስ የሚያገኘው ታዛ የተቀጠለበት ዋሻ ሳይሆን፣ በከባድ አግዳሚ እንጨቶች የተዋቀረ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ሁሉ እንጨት በምን ወጣ? ሙያው ግንባታ የሆነ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ትውፊቱ መልስ አለው። የገዳሙ መሥራች አቡነ አረጋዊ ወደ አምባው የወጡት በዘንዶ ረዳትነት ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት የአፄ ካሌብ ልጅ ንጉሥ ገብረ መስቀል ግን ለሥራው መወጣጫ አሠርተው ነበር። ሕንፃው ሲያበቃ አቡነ አረጋዊ መወጣጫው እንዲፈርስ «ዳሕምሞ» ብለው አዘዙ፤ ዳሞ የሚለውም ስም ከዚሁ የግዕዝ ቃል እንደ ወጣ ይነገራል። ከግንባታ ማግሥት የሚፈርስ ጊዜያዊ ሥራ በየትም አገር የሚረሳ ነገር ነው፤ እዚህ ግን የቦታው ስም መነሻ ሆኖ ቀረ። በቦረና የቱላ ጉድጓዶች ለከብቶች መውረጃ ተቆፍሮ የተበጀው ዘቅዛቃ መንገድ በአንጻሩ የጉድጓዱ ቋሚ አካል ነው፤ ያለ እርሱ መንጋው ከገንዳው አይደርስም። የዳሞ መነኮሳት የፈለጉት ደግሞ የማይደረስበትን ቦታ ነበር።

የሕንፃው አሠራር የአክሱማውያን ነው። ግድግዳው በድንጋይ እየተካበ በየመካከሉ አግዳሚ እንጨት ይጋደምበታል፤ አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚያያይዙት አጫጭር እንጨቶች ጫፋቸው ከግድግዳው ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ለጌጥ የተቀመጡ ቢመስሉም ሥራቸው ማሰር ነው። የአክሱም ሐውልቶችና የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ይህንኑ መልክ በድንጋይ ቀርጸው ሲያሳዩ፣ ዳሞ ግን እንጨቱን ራሱን ይዞ ይገኛል። ምንጭ በሌለው አምባ ላይ የሚጠጣው ውኃ በዓለት ውስጥ በተፈለፈሉ ኩሬዎች የሚጠራቀም ዝናብ ነው።

ይህን ሁሉ ያስጀመሩት አባት የአገሩ ተወላጅ አልነበሩም። አቡነ አረጋዊ በ5ኛው መጨረሻና በ6ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ወደ አክሱም መንግሥት ከመጡት ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ ናቸው። ገድሉ ከሮም፣ ማለትም ከቢዛንጥያ፣ መጡ ይላል፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ለረጅም ጊዜ ቅዱሳኑን ሶርያውያን ሲሏቸው ቆይተው፣ ኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ማስረጃውን ደካማ ሆኖ አግኝተውታል። ገድሉ የተጻፈው ከዘመናቸው ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ነው፤ በ346 እ.ኤ.አ. ገደማ ያረፈውን የግብጹን ጳኩሚስን መምህራቸው ማድረጉም ከዘመን ቁጥር ጋር አይታረቅም።

ባዕድ መነኩሴ በሰው አገር ቅዱስ ሲሆን ይህ ብቸኛው አይደለም። በ664 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በዊትቢ ጉባኤ በፋሲካ አቆጣጠር የተረታው አየርላንዳዊው ጳጳስ ኮልማን፣ 30 ያህል እንግሊዛውያን መነኮሳትን አስከትሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። እንግሊዛዊው መነኩሴ ቤዳ እንደ ጻፈው፣ በበጋ አየርላንዳውያኑ ወዲያ ወዲህ ሲዞሩ አዝመራውን የሰበሰቡት እንግሊዛውያኑ ብቻ ነበሩ፤ ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም እኩል መካፈል ፈለጉ። ጠቡ ሲበረታ ኮልማን ለእንግሊዛውያኑ ማዮ በተባለ ቦታ ሌላ ገዳም አቆመላቸው። ከአበው አንዱ እንግሊዛዊው ጄራልድ በአየርላንድ እስከ ዛሬ እንደ ቅዱስ ይታሰባል፤ ቦታው ግን «የሳክሶኖች ማዮ» ተብሎ ኖረ።

ዳሞን «የሮማውያን ዳሞ» ያለ የለም። ተሰዓቱ ቅዱሳን በአንድ የባዕዳን ገዳም አልተሰበሰቡም፤ አባ ጰንጠሌዎን በአክሱም አጠገብ፣ አባ ገሪማ ከአድዋ አቅራቢያ፣ አባ አፍጼ በየሐ፣ አባ ይምአታ በገርዓልታ ተቀመጡ። «አረጋዊ» ራሱ ሽማግሌ ማለት የሆነ የግዕዝ ቃል ነው። ስማቸው እንኳ የአገሩ ሆኖ ስለቀረ ትውልዳቸው ማከራከሩ አያስደንቅም።

የመወጣጫው መፍረስ ኋላ ለነገሥታቱም ጠቀመ። በኢማም አሕመድ ዘመቻ ጊዜ አፄ ልብነ ድንግል በ1540 እ.ኤ.አ. ያረፉት በዚሁ አምባ ነው፤ በማግሥቱ ዓመት ክሪስቶቮ ደ ጋማ የመራው የፖርቱጋል ጦር እቴጌ ሰብለ ወንጌልን ያገኘው በዳሞ ነበር።

ሕንፃው ግን እንክብካቤ ይፈልጋል። በ1906 እ.ኤ.አ. የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን መዝግቦታል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ እንግሊዛዊው አርክቴክት ዴሬክ ማቲውስ እድሳቱን መርቷል። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ በተካሄደው ጦርነት ገዳሙ ጉዳት እንደ ደረሰበት ተዘግቧል። ለጠጋኝ መነሻ የሚሆነው የቀደሙት ባለሙያዎች የተዉት መዝገብና አምባውን ተሸክመው የኖሩት መነኮሳት እውቀት ነው፤ ለጥገናው የሚያስፈልገው እንጨት የሚወጣውም አሁንም በገመድ ነው።