የታገደው የአውሬዎች ቴአትር

ለትምህርት ቤታችን በዓል ቴአትር ስናዘጋጅ ጽሑፉ አስቀድሞ ለመምህራን ይቀርባል። ይህ ቃል ይቅር በተባለ ጊዜ በመካከላችን ክርክር ይነሣል፤ ግማሾቻችን ደራሲ የመሰለውን ይጻፍ ስንል፥ ሌሎቻችን በአዳራሹ ወላጆችና ሕፃናት መኖራቸውን እናሳስባለን። ክርክሩ ግን ከአማርኛ ቴአትር ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በሩሲያ ተምረው የተመለሱ፥ በኋላም የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሊቅ ናቸው። በውጭ አገር ያዩትን የቴአትር ጥበብ ለአገራቸው ለማስተዋወቅ አስበው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። በዚህ ድርሰት በፈረንሳዊው በላ ፎንቴን ተረቶች አምሳል አውሬዎች እንደ ሰው ይናገራሉ። በእንስሳ አፍ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን በምድጃ ዳር ስለ አንበሳና ስለ ጦጣ ሲተርቱ ማንን ማለታቸው እንደ ሆነ ሰሚው አይጠፋውም። ፋቡላም የነካው የሹማምንቱን አሠራር ነበር።

ቴአትሩ በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል ታየ። ከተመልካቾቹ መካከል መኳንንት ነበሩና ተረቱ የሚመለከታቸው ሰዎች ራሳቸው ተቀምጠው ሰሙት። ወሬው ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰና ቴአትር ተከለከለ። የንግሥቲቱን ሥጋት አንንቅም፤ መንግሥታቸው በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ብዙ ደም ፈስሶ የጸና ነበርና። ሆኖም አንድ ድርሰት ስላስቆጣ ገና ያልተጻፉት ሁሉ መታገዳቸው ተገቢ አልነበረም ብለን እንፈርዳለን።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ቴአትር በትምህርት ቤት በር ተመልሶ ገባ፤ መምህሩ ዮፍታሔ ንጉሤ ድርሰቶቻቸውን ለተማሪዎች እያስጠኑ ያሳዩ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበርም ጠላት በቀረበ ጊዜ በቅኔና በዜማ ሕዝቡን አነቃቃ።

ከሰበታም ሆነ ከቡራዩና ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ተማሪ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውን ሕንፃ ያውቀዋል። በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ስም ተጠርቶ ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነው። የሰው ሚስት ወስዶ ባሏን ያስገደለ ንጉሥ በንጉሥ አዳራሽ ታየ፤ ማንም አልከለከለውም። እርግጥ ደራሲው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ፤ ታሪኩም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰደ ነው። በዚያው መጽሐፍ ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጽ በሄደ ጊዜ በደሉን በቀጥታ አልነገረውም፤ ያወራለት ስለ አንድ ድኻና ስለ አንዲት በጉ ነበር። ዳዊትም ነገሩ ስለ ራሱ መሆኑን ሳያውቅ ተቆጥቶ ፈረደ።