ሞራሌ፣ ሲሚንቶና ብረት የሚገፉ ልጆች

እስቲ ጆሯችሁን አውሱኝ፤ ከእንጦጦ ግርጌ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ ስለተሠራ የእንጨት ስታንድ ላጫውታችሁ።

የሰፈሩ ጎረምሶች ብረት መግፋት አማራቸው። የጂሙ ወርሃዊ ክፍያ ግን ከኪሳቸው በላይ ነው። ታዲያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ታላላቆቻቸው ሲያደርጉት ያዩትን አደረጉ፤ ባዶ የቀለም ጣሳ ለቃቀሙ፣ ኮንክሪት ሞሉበት፣ የውሃ ቱቦ ሰኩበት። አንድ ሊትር ኮንክሪት 2.4 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ባለ 4 ሊትሩ ጣሳ ከ9 ኪሎ አለፈ፤ ባለ 10 ሊትሩ ባልዲ 24 ኪሎ ገባ። ግራና ቀኙን በባለሱቁ ሚዛን አመዛዘኑ። እስከዚህ ድረስ ማለፊያ ነው።

ጣጣው የመጣው ብረቱን በሚሸከመው ላይ ነው። ከተራራው የወረደ እርጥብ ባህር ዛፍ ገዙና ሁለት ቋሚ አቆሙ። ከላይና ከታች አግድም እንጨት መቱበት። ቋሚዎቹ ላይ ወፋፍራም ሚስማር ቀጥቅጠው ብረቱን ሰቀሉ። ቆመ! ግቢው በጭብጨባ ደመቀ።

በዚህ መሀል የግቢው አናጢ ከሥራ ገቡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም። መዳፋቸውን ቋሚው ላይ አሳርፈው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ያ ሁሉ እንጨት እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።

«አባባ፣ እንጨቱ ቀጥኖ ነው እንዴ?» አለ ታላቅየው።

«ምን ቀጥኖ! ይሄ እንጨት ቤት ይሸከማል። አሠራራችሁ ነው እንጂ! ልጄ፣ ብረት ወደ ታች ብቻ የሚጫን መሰለህ? ደክሞህ ስትመልሰው ወደ ኋላ ትገፋዋለህ፤ አንዱ እጅህ ከቀደመ ደግሞ ወደ ጎን ይሄዳል። አራት ማዕዘን ሲገፉት ይጣመማል። ሦስት ማዕዘን ግን አንዱ ጎኑ ካልተሰበረ ወይም ካልተነቀለ ቅርጹን አይለቅም።»

አስፈረሷቸው። እርጥቡን ባህር ዛፍ ጥላ ሥር አስደረደሩት፤ ሲደርቅ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ ለዚህ ሥራ አልፈለጉትም። በምትኩ ደረቅ ባለ 5 በ7 ሞራሌ አስገዙ።

አሁን ልብ በሉ፤ ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን የኋላ ቋሚ ከሁለት ሞራሌ ሠሩት። አንደኛው ረጅም ነው። ሁለተኛው ከፊቱ በብሎን የተለጠፈ አጭር፣ እግሩ መሬት የሚረግጥ። ብረቱ የሚያርፈው በአጭሩ አናት ላይ ነው። እንጨት በቁመቱ ሲጫኑት ብርቱ ስለሆነ ክብደቱ በሞራሌው ውስጥ ቀጥ ብሎ መሬት ይወርዳል፤ ብሎኖቹ ሁለቱን አጣብቀው ይይዛሉ እንጂ ሸክሙ እነሱ ላይ አይንጠለጠልም። ሚስማር ሲሆን ግን በተነቃነቀ ቁጥር ቀዳዳውን ያሰፋል። ብረቱ ወደ ፊት እንዳይንሸራተት አጭር ጣውላ ከፊት ከፍ አድርገው ገጠሙ። ቀዳዳውን ሁሉ በትራፓን አስበሱ፤ ዳዶው እንጨቱን ሰርስሮ እንዳይገባ ከሥሩ ሮንዴላ አስገቡ።

ከፊትም ሁለት ቋሚ ጨመሩ። በኋላና በሁለቱ ጎኖች ሞራሌ በሰያፍ አሰሩ፤ ሦስት ማዕዘኑ መጣ ማለት ነው። የቋሚዎቹን ስፋት ከውጭ ወደ ውጭ 1.20 ሜትር አደረጉት። ለምን ቢሉ፣ በውድድር የወንዶች ብረት 20 ኪሎ የሚመዝን፣ 2.20 ሜትር የሚረዝም ነው፤ ክብደቱ ከሚገባባቸው ሁለት ጫፎች መካከል ያለው ቦታ 1.31 ሜትር ነው። ልጆቹ ነገ እውነተኛ ብረት ቢያገኙ ስታንዱን ማፍረስ የለባቸውም።

በመጨረሻ በግራና በቀኝ፣ ከኋላው ቋሚ ወደ ፊተኛው፣ አንድ አንድ ሞራሌ አጋደሙ። ከሥሩም እስከ መሬት የሚደርስ ድጋፍ ሰጡት።

«ይሄስ ለምንድን ነው አባባ?»

«ክንድህ እምቢ ለሚልበት ቀን። ከፍታውን ተኝተህ ለካው፤ ደረትህን ነፍተህ ስትገፋ ብረቱ ደረትህን ይንካ፣ ደረትህን ስታላላ ግን አግድሙ ላይ ይረፍ፤ አንገትህ ጋ አይድረስ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።»

ማንም ከመተኛቱ በፊት ከሚገፉት በላይ ክብደት አስጫኑበት። ብረቱን ከአግድሞቹ ላይ አስጣሉት፣ በአራት አቅጣጫ አስገፉት። አልተንቀሳቀሰም። ያኔ ብቻ «በሉ ሥሩ» አሉ። እንጨት እየደረቀ ሲሄድ ብሎን ይላላልና በየጊዜው ዳዶውን እንዲያጠብቁም አዘዙ።

እናንተም በግቢያችሁ ይህን የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ገንዘብ ቢያጥራችሁ ከቀለሙና ከማሳመሪያው ቀንሱ። ከሰያፉና ከሁለቱ አግድሞች ግን አንዲት ሞራሌ አትቀንሱ፤ አንገታችሁን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።